የጀልባ ቤቱ ጉንፋን

ባለፈው የገበያ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ፣ ቡና የጫነ መኪና መንገድ ዳር ተበላሽቶ ቆሞ አገኘን። ሾፌሩ ከሥሩ ስለገባ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ጓደኞቼ አልፈው ሄዱ። እኔን ግን ሽታው ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። የናፍጣ ሽታ ነበር። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ደግሜ ደጋግሜ ሳብኩት። 

«ነይ እንጂ! ምን ገትሮሽ ነው?» አሉኝ።

«ቆዩ፣ ሞተሩ ይነሣ።»

«የአባትሽ መኪና ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ይሳቁ። እኔ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሾፌሩ በሩን ዘግቶ፣ መኪናው ወደ ወናጎ አቅጣጫ እስኪሰወር ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቅሁም። ቤት ገብቼ ደግሞ ቀጥታ ወደ ብዕሬ ሄድኩ። መጻፍ ከሆነልኝ ወዲህ አንድ ነገር ሲያቁነጠንጠኝ ወረቀት ላይ ካላፈሰስኩት አርፌ አልቀመጥም። እናቴ «ይቺ ልጅ እህል ትታ ቀለም ልትጠጣ ነው» ትላለች። ትበል። ዛሬ ስለ ጀልባ ቤት ነው የምጽፈው።

ያኔ ጣሊያን ዲላ ላይ ነበር። እኔ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና ያልበቀሉልኝ፣ ባየኝ ሰው ሁሉ «አይጥ በላው?» የምባል ልጅ ነበርኩ። ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ አንድ ትልቅ ብረት በወፍራም አጣና ላይ ታስሮ በብዙ ሰው ትከሻ ከአባያ ሐይቅ ወደ ዲላ ወጣ። የተሸከሙት ሰዎች እየተቀያየሩ ያቃስቱ ነበር። ሬሳ መስሎኝ አለቀስኩ። ከኋላ ኋላ አባባን አቧራ ለብሰው ሲመጡ ሳይ ደግሞ የባሰ ጮህኩ።

ብረቱ የጀልባ ሞተር ነበር። ሐይቁ ላይ አንድ ጣሊያን ትንሽ ጀልባ ነበረችው፤ ነፋስ ሲኖር በሸራ፣ ነፋስ ሲጠፋ በሞተር የምትሄድ። አባባ በፊት በቅሎ እየጫኑ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። በቅሎዎቻቸውን ጦሩ ሲወስድባቸው ሐይቁ ዳር ወርደው እዚያች ጀልባ ላይ ተቀጠሩ። ዕቃ ያወርዳሉ፣ ሸራ ይጎትታሉ፣ ሞተሩን ያበላሉ። «ያበላሉ» የምለው እሳቸው እንደዚያ ስለሚሉ ነው። ባለጀልባው ስለ ሞተር የሚያውቀውን ሁሉ እየተሳደበ አስተማራቸው። አንድ ቀን ጀልባዋ ጉማሬ ላይ ወጣችና ለሁለት ተሰነጠቀች። ባለቤቷ በወባ ታሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ሞተሩ ቀረ። ዲላ ያለው ጦር ደግሞ ዱቄት ይፈልጋል። ስለዚህ ጀልባ ያሽከረክር የነበረው ሞተር ወፍጮ እንዲያሽከረክር ተፈረደበት፤ አባባም አብረውት መጡ።

ሞተሩን ከለገዳራ ወንዝ አጠገብ ቆርቆሮ ቤት ሠርተው ተከሉት። ግን ማንም ሰው ወፍጮ ቤት ብሎ አልጠራውም። ስሙ ጀልባ ቤት ሆኖ ቀረ። «እህሉን ጀልባ ቤት አድርሺ»፣ «ጀልባ ቤት ተሰልፌ ዋልኩ» ነበር የሚባለው። እኔም ቤቱ አንድ ቀን ዝናብ ጠንከር ሲል ከነቆርቆሮው ተነሥቶ በለገዳራ እየተንሳፈፈ እንደሚሄድ አልተጠራጠርኩም። ደመና በከበደ ቁጥር ከበሩ አልርቅም ነበር፤ ሳልሳፈር እንዳያመልጠኝ።

የጀልባ ቤቱ አለቃ ጣሊያን ነው። ረጅም፣ አንገቱ የቀላ፣ አፍንጫው ሁልጊዜ የሚፈስ ሰውዬ። ዱቄቱ ሳይሆን አይቀርም የሚያስነጥሰው። ነጭ መሐረብ ከኪሱ ያወጣና ጡሩምባ የሚነፋ ይመስል ይናፈጣል፤ ከዚያ መሐረቡን በጥንቃቄ አጣጥፎ ወደ ኪሱ ይመልሰዋል። ስሙን «ሲኞር ጡሩምባ» አልነው። እኛ ልጆች እንደዚህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም። ንፍጥ ይጣላል እንጂ ይቀመጣል? ለምን ያስቀምጠዋል?

መልሱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ «ናፍታ! ናፍታ!» ይላል። አስተርጓሚው ያንን ተቀብሎ «ናፍጣ አምጡ ይላችኋል፣ ናፍጣው ጨመረ ወይ ይላችኋል» ይላል። ናፍጣ! ተናፈጠ፣ ተናፍጣ፣ ናፍጣ። ግልጽ ነው። ጣሊያኖች ንፍጣቸውን በመሐረብ የሚያጠራቅሙት ለሞተሩ ነው። ግድግዳው ሥር የቆመውን በርሜል ሳይ «ስንት ጣሊያን፣ ስንት ቀን ቢናፈጥ ነው?» ብዬ አዘንኩላቸው። ይህን ለእማዬ ስነግራት እስኪያማት ድረስ ሳቀች፤ ቀጥላ ጆሮዬን ቆንጥጣ «ውጪ ስትናገሪ እንዳልሰማ» አለችኝ። በዚያ ወቅት ሳቅና ቁንጥጫ እንደዚያ ተከታትለው ነበር የሚመጡት።

የእኔ ሥራ የአባባን ምሳ ማድረስ ነበር። ከደረስኩ በኋላ ግን ማን ይመለሳል! እትዬ ዲንቄ አለቻ። እትዬ ዲንቄ ከላይ ከተራራው የምትወርድ የጌዴኦ ሴት ናት፤ ዱቄት ትነፋለች፣ ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ከወንዙ ታመላልሳለች። አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን እንደመጣላት ነው የምትጠራው። እኔን «አንተ»፣ ሞተሩን «እሷ»፣ አባባን «አንቺ»። እማዬ እንኳ አንቱ የምትላቸውን፣ ጎረቤት ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚያሳልፋቸውን ሰውዬ፣ ወደ ሞተር ቤቱ ብቅ ብላ «አንቺ ሰውዬ፣ ምሳሽ መጣ!» ትላቸዋለች። አባባ አርመዋት አያውቁም። ጺማቸው ግን ሥር ሥሩን ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ።

ሞተሩ መታመም የጀመረው ብዙም ሳይቆይ ነው።

ናፍጣው የሚቀመጥበት ሰልባትዮ የሚሉት ቆርቆሮ ከሞተሩ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ወርዶ በማጣሪያ በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል። የሰልባትዮው ክዳን ከሐይቁ ሲመጣ ገደሉ ላይ ወድቆ ስለጠፋ፣ አባባ አፉን በጨርቅ ሸፈን አድርገውት ነበር። ዱቄት ግን ጨርቅ አይበግረውም። በየቦታው ይገባል፤ ቅንድባችን ላይ፣ ምሳችን ላይ፣ ናፍጣው ውስጥ። ማጣሪያው ሲከፈት ሊጥ ይወጣዋል። አባባ ያጥቡታል፣ ይገጥሙታል፣ ሞተሩ ይነሣል።

አንድ ቀን ደግሞ ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሞተሩ አስነጥሶ ቆመ። አባባ ጎንበስ ብለው ማጣሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በመፍቻ ላላ አደረጓት። ናፍጣው እንደ ሳሙና አረፋ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። አረፋው እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ጥርት ያለ ናፍጣ መውረድ ሲጀምር ብሎኗን አጠበቋት።

«ተናፈጠ!» አልኩ እኔ፤ ደስታዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

«ምን ሆና ነው?» አለች እትዬ ዲንቄ።

«አየር ገብቶበት ነው» አሉ አባባ። «መጋጠሚያው ላልቶ ነፋስ ስቧል። ሞተር ናፍጣ እንጂ ነፋስ አይበላም።»

እትዬ ዲንቄ ወንፊቷን አስቀመጠች። «ነፋስ ከሆነ ለምን አትነግሪኝም? ቆጮም እንዲሁ ናት እኮ። ጉድጓድ ውስጥ ነፋስ ከገባ ይበላሻል፣ ትሸታለች። አንቺ በጨርቅ ትዘጊያለሽ። ጨርቅ መዝጋት ነው? ቆይ፣ እኔ ልዝጋት።»

ወጥታ የኮባ ቅጠል ይዛ ተመለሰች። እሳት ላይ ለብለብ አድርጋ አለሰለሰችው። የሰልባትዮውን አፍ በድርብ ቅጠል ሸፈነችው፤ በላዩ ሌላ ደረበች፤ ከዚያ በቃጫ ዙሪያውን ጠምዝዛ ጠምዝዛ አሰረችው። ከእንሰት ጋር ያደገች ሴት ስትዘጋ፣ ዘጋች ነው። አባባ በጣታቸው ቢመቱት እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ይሄ ነው እንጂ!» አሉ። «አሁን ዱቄትም አይገባ፣ አየርም አይገባ።»

መጋጠሚያውንም በደንብ አጠበቁት። የብረቱን መዘወሪያ አሽከረከሩ። ሞተሩ ተነሣ፤ ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ። እትዬ ዲንቄ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሞተሩን አየችው፤ ልጇን ለደህና ሰው የዳረች ትመስል ነበር።

ትንሽ ቆይቶ አሳለ፤ ቆመ።

ከዚያን ቀን በኋላ ያለውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ እጄ ራሱ አሁን ይቸኩልብኛል። ሞተሩ ይነሣል፣ ደህና ይፈጫል፣ ከዚያ ድምፁ ይከብዳል፣ ዳገት የሚወጣ ሰው መስሎ ያለከልካል፣ ይቆማል። አባባ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይፈትሻሉ። መጀመሪያ «ክፈቺ! ናፍጣ አለ ወይ?» ይሉኛል። ሰልባትዮውን መክፈት የእኔ ድርሻ ሆኗል፤ ቃጫው ጠባብ ቦታ ስለታሰረ ጣቴ ቀጭን ነው ብለው። በርጩማ ላይ ወጥቼ ቋጠሮውን እፈታለሁ፣ እንጨት እነክራለሁ፣ «አለ!» እላለሁ።

ናፍጣ ካለ፣ ውሃ ገብቶበት ይሆን? ከሥሩ በጠርሙስ ቀድተው ለብርሃን ይይዙታል። አንድ ቀን ከናፍጣው ሥር የውሃ ጠብታ ተኝታ አዩና «አገኘሁት!» ብለው ጮሁ። አፈሰሱት፤ እትዬ ዲንቄ መልሳ ዘጋች፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ቆመ። ማጣሪያው ይሆን? አጠቡት፤ ተነሣ፤ ቆመ። ቱቦው ይሆን? ነቅለው በአፋቸው ነፉት፤ ናፍጣ እየተፉ ገጠሙት፤ ተነሣ፤ ቆመ። የሚያሳብዳቸውም ይኸው ነው። ሲነኩት ይድናል፤ ዘወር ሲሉ ይታመማል።

እኔ በበኩሌ በሽታውን አውቄዋለሁ። ይስላል፣ ያስነጥሳል፣ አፍንጫው ይዘጋል፤ ጉንፋን ነው። ከጓሮ ዳማከሴ ቆርጬ በመዳፌ አሽቼ፣ ማንም ሳያየኝ ጎንና ጎኑን ቀባሁት። አባባ አረንጓዴ የልጅ ጣት አሻራ ሞተሩ ላይ አይተው ወደ እጄ ዞሩ። ከዚያ «ግንባሩንስ ቀባሽው?» ብለው ጠየቁኝ። ግንባሩ የት እንደሆነ ስላላወቅሁ አፈርኩ።

ሌላም ነገር አስተውዬ ነበር። በከፈትኩት ቁጥር የኮባው ቅጠል ጥርስ እንደሌለው ሰው ጉንጭ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ አገኘዋለሁ። ቃጫውን ፈትቼ ጫፉን ላነሣው ስል ደግሞ ሰልባትዮው «እህህህ…» ብሎ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል።

«አባባ፣ ተነፈሰ!»

«ናፍጣ አለ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አለ። ግን ተነፈሰ እኮ።»

«በይ ውረጂ።»

ወረድኩ። ሐይቁ ናፍቆት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

አንድ ከሰዓት ሲኞር ጡሩምባ ሞተሩ ሲቆም ሮጦ ገባ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ሞተሩን እየጠቆመ «ሳቦታጆ! ሳቦታጆ!» እያለ ጮኸ። እኔ በጣም ደስ አለኝ። በመጨረሻ የተበላሸው ዕቃ ስሙ ታወቀ! ሳቦታጆ ትንሽ ክብ ነገር መሆን አለበት፤ የሆነ ቦታ ወድቆ ነው። ተንበርክኬ ከሞተሩ ሥር፣ ከዱቄቱ ክምር ውስጥ፣ ከበርሜሉ ኋላ እየዳበስኩ ፈለግሁት። አንድ ዝገት የበላው ብሎን አግኝቼ ወደ አባባ ሮጥኩ። «አባባ፣ ሳቦታጆው ይሄ ነው?»

አባባ አላዩኝም። አስተርጓሚውን ነበር የሚያዩት። እሱም እግሩን እያየ ተናገረ።

«ሆን ብለህ ነው የምታቆመው ይልሃል። ለአርበኞቹ አድረሃል ይላል። የጦሩ መኪና ዱቄት ሊጭን ሲመጣ ሞተሩ ከቆመ፣ አንተም ከዱቄቱ ጋር ትጫናለህ ይላል።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «ጋሼ፣ የሚችሉትን ያድርጉ። እየቀለደ አይደለም።»

ሳቦታጆ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከእኛ ሰፈር አንድ አናጢ እንደዚሁ በዚያ መኪና ተጭኖ ሄዷል። ወዴት እንደወሰዱት የሚያውቅ የለም። ሚስቱ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ከቤቷ ወጥታ መንገድ ዳር ትቆማለች፤ መኪናው አልፏት ይሄዳል፤ ትመለሳለች። ብሎኗን ከአባባ እግር ሥር አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አርፎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋዋ ከሩቅ ከሚሰማው ሞተር ጋር እኩል ነው የሚሄደው፤ ዱክ ዱክ ዱክ። ሞተሩ ሲቆም ቢላዋውም አየር ላይ ይቆማል። ጎረቤት ገብታ ወሬ ብትጀምር እማዬ «እሺ፣ እሺ» ትላለች፤ ጆሮዋ ግን ጀልባ ቤት ነው። እኔ ከቤት ጀልባ ቤት፣ ከጀልባ ቤት ቤት እሮጣለሁ፤ ማንም ሳይልከኝ። ሲመሽ እማዬ በሩን ዘግታ፣ ሥሩንና ጎኑን በጨርቅ ትወትፋለች። ድሮም ነፋስ ትፈራለች፤ «ብርድ ይመታናል» ትላለች። ያን ሰሞን ግን አንዲት ቀዳዳ አላስቀረችም፤ የአባባን ስም የሚጠራ ድምፅ በስንጥቅ እንዳይገባ ነው መሰለኝ። አባባ እዚያ የታፈነ ቤት ውስጥ መደቡ ላይ ይገላበጣሉ። ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ብሎን ስታላላ፣ ስታጠብቅ ትሰማለች።

«ምናልባት ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ ነው» ይላሉ ብቻቸውን። «ፖምፓው ቢሆን ግን መልሶ አይነሣም ነበር።»

«ይጥፉ» አለቻቸው እማዬ አንድ ምሽት። «ወደ ላይ ተራራው ይውጡ። እትዬ ዲንቄ ቤት መጠጊያ አይጠፋም።»

«እኔ ስጠፋ ማንን የሚጭኑ ይመስልሻል?»

እማዬ ተነሥታ የበሩን ጨርቅ እንደገና ወተፈችው።

መኪናው የመጣው ፀሐይ ሞቅ ባለበት ሰዓት ነው። ወታደሮቹ ጥላ ፈልገው ሲጋራ ያጨሳሉ። የተፈጨው ዱቄት በጆንያ ተደርድሯል፤ የቀረው እህል ገና እየተፈጨ ነው። አባባ ጠዋት ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሞልተው፣ እትዬ ዲንቄም ለዚያ ቀን ብላ የመረጠችውን ሰፊ የኮባ ቅጠል አስራበት ነበር። እኔ በርጩማው አጠገብ ቆሜያለሁ። ዱክ ዱክ ዱክ። ሲኞር ጡሩምባ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ይናፈጣል፣ ያጣጥፋል፣ ይናፈጣል።

ከዚያ ድምፁ ከበደ።

ከሁላችን ቀድሞ የሰማው የአባባ ጀርባ ነው፤ ድንጋይ ሆነ። ዱክ… ዱክ… ዱክ…። አባባ ማጣሪያው ሥር ወደቁ ማለት ይቻላል፤ ብሎኗን ያዙ። ሌላ ጊዜ ክፈቺ የሚሉኝ ሞተሩ ከሞተ በኋላ ነበር። ያን ቀን ግን ፈሩ፤ እየሳለ እያለ «ክፈቺው! ናፍጣ አለ?» ብለው ጮሁ።

በርጩማው ላይ ዘለልኩ። ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ጠብቋል። በጥርሴ እንዳልፈታው የፊት ጥርስ የለኝም። ቅጠሉ ደግሞ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። በጥፍሬ ወጋሁትና ቀደድኩት።

«እህህህህ…» አለ ሰልባትዮው።

ዱክ… ዱክ… ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ!

አባባ ብሎኗን ገና አልነኩም ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን አደረግሽ?»

«ከፈትኩት። ይክፈቱ ስላሉኝ… ክፈቺ ስላሉኝ!» የምናገረው ጠፋኝ። «አልነካሁትም! ተነፈሰ ብቻ!»

«ተነፈሰ» አሉ አባባ። በርጩማው አጠገብ መጥተው ቆሙ። «በመዳፍሽ ክደኚው።»

የተደራረበውን ቅጠል በቀዳዳው ላይ አጥፌ በሁለት መዳፌ ተጫንኩት። በር ላይ ሲኞር ጡሩምባ አለ፤ ውጪ መኪናው አለ፤ እኛ ደህና የሚሄደውን ሞተር ልናቆመው ነው። እትዬ ዲንቄ ወንፊቷን እንዳንጠለጠለች ቀረች። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ትንሽ ቆየንና ቅጠሉ ከመዳፌ ሥር መሳብ ጀመረ፤ እንደ ጥጃ አፍ። ዱክ… ዱክ…።

«አንሺ!»

አነሣሁ። እህህህ። ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ።

አባባ ግንባራቸውን በናፍጣ እጃቸው መቱት፤ ጥቁር መስመር ቀረበት። «ቀዳዳ ነበረው» አሉ። «ያ የጠፋው ክዳን መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው። ዝገት የበሳው መስሎኝ! ናፍጣው ከታች ሲወጣ ከላይ አየር ካልተካው እንዴት ይወርዳል? ቱቦው ውስጥ አየር አይግባ አልኩና ጭራሽ አፉን ዘጋሁት። እኛ እኮ አንቀን ይዘነው ነው!»

እትዬ ዲንቄ ፊቷ ተለወጠ። «እኔ ነኝ ያነቅኋት?»

«ዝም በይ!» አሉ አባባ በሹክሹክታ። ሲኞር ጡሩምባ አስተርጓሚውን አስከትሎ እየገባ ነበር።

ድምፁ ከብዶ ሲመለስ ሰምቷል። ሞተሩን ዞረው፤ አባባን አየ፤ ከዚያ እኔን። በእጄ ናፍጣ የሚያንጠባጥብ የተቀደደ የኮባ ቅጠል ይዣለሁ፤ ቃጫው ተንጠልጥሎበታል። የት እንደነበረ ቢያውቅ፣ የሰልባትዮው አፍ በቅጠል ታስሮ እንደነበር ቢገባው፣ ሳቦታጆ ይሄው በእጄ ነው። ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ይሄ ምንድነው ይላል» አለ አስተርጓሚው።

እኔ ወደ አባባ አየሁ። እትዬ ዲንቄ ግን ረጋ ብላ መጣችና ቅጠሉን ከእጄ ወሰደችው። «ምሳዬ ናት» አለች። ከመቀነቷ ቋጠሮ ቆጮዋን አወጣች፣ በቅጠሉ ላይ አስቀመጠችው፣ ጠቀለለችው፣ አሸችው፣ ገለጠችውና ገመጠች። በደንብ ነው የገመጠችው። አላመጠች። ዋጠች። ቀና ብላ የተረፈውን ወደ ጣሊያኑ አፍንጫ ዘረጋች።

«ትበያለሽ? ነይ፣ ብዪ እንጂ! አፍረሽ ነው?»

አስተርጓሚው ከንፈሩን ነክሶ ጣራ ጣራ አየ። የተረጎመው አይመስለኝም። ሲኞር ጡሩምባ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ጭኖ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ እጁን አወናጨፈና ወጣ። በሩ ላይ ሲናፈጥ ተሰማ። እትዬ ዲንቄ ዓይኗ በእንባ ሞልቶ ሁለተኛውን ጉርሻ እያላመጠች ነበር፤ ተመልሶ ቢመጣ ብላ።

ሞተሩ አልቆመም። የመጨረሻው እህል ሲፈጭ፣ ጆንያው ሲሰፋ፣ ወታደሮቹ ሲጭኑ፣ አልቆመም። አባባ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። አንዱ ወታደር የመኪናውን የኋላ መዝጊያ ሊያነሣ እጁን አሳርፎ፣ ሌላ የሚጫን አለ ወይ ብሎ መሰለኝ፣ ሲኞር ጡሩምባን ጠየቀው። ሲኞር ጡሩምባ አባባን አያቸው። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አቀና። ከዚያ እጁን አወዛወዘ፤ መዝጊያው ጓ ብሎ ተዘጋ። እኔ መንገድ ዳር ሮጬ ወጣሁና መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆምኩ። ጆንያ ብቻ ነበር የጫነው። ደጋግሜ አየሁ፤ ጆንያ ብቻ።

ስመለስ እትዬ ዲንቄ የበርሜሉ ጥግ ተቀምጣ ታገሣለች። ባገሣች ቁጥር ቤቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

«እትዬ ዲንቄ» አሉ አባባ፤ ጺማቸው ከሥሩ ይንቀጠቀጣል፤ «አሁን አንቺን መዘወሪያ ብንገጥምብሽ ጥሬ ትፈጪልን ነበር።»

«ሳቂ፣ ሳቂ» አለቻቸው። «አንቺ ቁጭ ብለሽ ሳቂ። ናፍጣ ያበላሽኝ አንቺ ነሽ።» ከዚያ የቅል አንገት ቆርጣ ለሰልባትዮው ክዳን ሠራችለት፤ መሐሉን በወስፌ በሳችው፤ በቀዳዳው አየችኝ፤ እኔም በወዲያ በኩል የእሷን ዓይን አየሁ። «ይኼው» አለች፣ «እሷም ትተንፍስ።»

አባባ ያን ቀን ገና ሳይጨልም ቤት ገቡ። እማዬ ቢላዋዋ ሳይቋረጥ ስለዋለ ሁሉን ሰምታለች። ውሃ አስጠጋችላቸው፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ መደቡ ላይ ጋደም አሉ። እሷም እንደ ልማዷ በሩን ዘጋችና ጨርቋን ልትወትፍ ጎንበስ አለች።

«ተዪው» አሉ አባባ።

«ነፋስ ይገባል እኮ!»

«ይግባ።»

እማዬ ጨርቁን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ በሩን ራሱን ገርበብ አድርጋ ከፈተችው። የለገዳራ ድምፅ ገባ፤ የእርጥብ ቅጠል ሽታ ገባ፤ የጎረቤት ውሻ እንኳ አንገቱን አስገብቶ አየን። ራት ቀረበ። አባባን ልቀሰቅስ ስሄድ ጣቶቻቸው ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግተው አርፈዋል፤ የሚያላሉትም የሚያጠብቁትም ብሎን አልነበረም።